ውሃው የሚወርድበት ቀን

ወልድያ ተወልዶ ላደገ ሰው የባህር ትምህርት ምን ያደርግለታል? ይህን መጀመሪያ የጠየቀኝ አባቴ ነው። ከዚያ ጎረቤቶቻችን፣ ከዚያ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ በተራ በተራ ጠየቁኝ። እኔ ባህር ማዶ ሄጄ ሁለት ዓመት የተማርኩት ወንዝ ባህር ሲገባ ምን እንደሚሆን ነው። ጣፋጩ ውሃ ከላይ፣ ጨዋማው ከታች ሆነው እንዴት እንደሚገፋፉ፣ ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሞላና ሲጎድል ጨዉ ወደ ወንዙ እስከየት እንደሚወጣ፣ ዓሳውም በዚህ ግፊያ መሀል የት ተጠግቶ እንደሚኖር በኮምፒውተር መቀመር ነበር ሥራዬ። ተመርቄ ስመለስ አንድ ባልደረባዬ ጠዋት ጠዋት ባገኘኝ ቁጥር ‹‹ወይንሸት፣ ባህሩ እንዴት አደረ?›› ይለኝ ነበር። እኔም ቁጡ ስለሆንኩ አንዳንዴ ሰላምታውን ሳልመልስ አልፈዋለሁ።

ስለዚህ የምሠራበት የመስኖ ፕሮጀክት ‹‹ሐብሩ ውስጥ ጨው ያለበት ወንዝ አለ፤ ጥናት ይፈልጋል›› ሲል የተሰማኝን ደስታ መገመት አያቅታችሁም። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሰው ሁሉ የሳቀበት ትምህርቴ በመጨረሻ ቦታ አገኘ ብዬ ተኩራራሁ።

ነገሩን ከስሩ ላስረዳችሁ። ወንዙ ከግራና በላይ ካለው ተራራ ይወርዳል። አርሶ አደሮቹ ከአባቶቻቸው ጀምሮ ራስጌ ላይ በድንጋይ፣ በጭራሮና በጭቃ ጠልፈው በቦይ እየመሩ በተራ ማሳቸውን ያጠጣሉ። ከጠለፋው የአንድ ሰዓት መንገድ ወረድ ብሎ ጥልቅ ኩሬ አለ። በኩሬው ዳር ካለው ገደል ስር ጨዋማ ምንጭ ይገባበታል። ጨዋማ ውሃ ከባድ ነውና ከታች ይተኛል፤ ከላይ የሚወርደው ጣፋጭ ውሃ ደግሞ በላዩ ላይ ያልፋል። ከኩሬው በታች ግርጌ ላይ ያሉት ገበሬዎች ማሳቸውን የሚያጠጡት ከዚያው ከኩሬው በሚወጣው ውሃ ነው። ኩሬው ውስጥ ዓሳ አለ። በአጭሩ፣ እኔ ባህር ማዶ ያጠናሁት ነገር በትንሹ ሐብሩ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። የጎደለው የባህሩ መሙላትና መጉደል ብቻ መሰለኝ።

ፕሮጀክቱ ራስጌው ላይ የሲሚንቶ ጠለፋ ሠርቶ የበጋውን ውሃ ቀን ከሌት፣ ሰባቱንም ቀን ወደ አዲስ ማሳ ሊወስድ አስቧል። ከእኔ የሚፈለገው የአንድ ጥያቄ መልስ ነው፦ ግርጌው በጨው እንዳይበላና ዓሳው እንዳያልቅ ለወንዙ ምን ያህል ውሃ ይተውለት?

ሦስት የጨው መለኪያ ኩሬው ውስጥ አስገባሁ። የወንዙን ፍሰት ደግሞ ከጠለፋው በላይ ለካሁ፤ ቦታው ለመለካት ምቹ ስለሆነ ነው። መለኪያዎቹን የምትጠብቅና የሚለጠፍባቸውን አረንጓዴ አልጌ የምትወለውል ዘይነባ የምትባል የግርጌ ገበሬ ቀጠርን። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ ሽንኩርት የምታለማ ሴት ናት።

ከጥቂት ወራት በኋላ መረጃው ሲሰበሰብ አንድ የሚያናድድ ነገር አየሁበት። የኩሬው ጨው በየሳምንቱ አንዴ ድንገት ይወርድና ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ውሎ ከዚያ ቀስ እያለ ይመለሳል። መለኪያ ከውሃ ሲወጣ ዜሮ ያነባል። እኔም ወዲያው ፈረድኩ፦ ዘይነባ ለመወልወል ታወጣውና ረስታው ትውላለች። ከጠለፋው በላይ የለካሁት ፍሰት ምንም ለውጥ ስላላሳየኝ ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም። እነዚያን ቀኖች አንድ በአንድ ሰረዝኳቸውና ክፍተቱን በቀጭን መስመር ሞላሁት። በሪፖርቱም ላይ ‹‹በጠባቂዋ ስህተት የተበላሹ ንባቦች ተወግደዋል›› ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ በኮምፒውተር የሠራሁት የኩሬው ሞዴል ከመረጃው ጋር ልክክ አለ። ኩሬው በጋውን ሙሉ ከድንጋዩ ጠለፋ ሾልካ በምታልፍ ቀጭን ውሃ ብቻ ጨዉን ችሎ እንደሚኖር አሳየኝ። እንግዲያው ያችን ቀጭን ውሃ መተው ይበቃል፤ የቀረው ለአዲሱ ማሳ ይሂድ። አለቃዬ ውጤቱን ሲያይ እጄን ጨበጠኝ። የቀረው የአካባቢው የውሃ አባት መስማማታቸውን በሚገልጸው ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲፈርሙና እኔም ሪፖርቱን ፈርሜ ሰኞ እንዳስረክብ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ዕለት መርሳ ላይ መኪና ቀይሬ ከሰዓት በኋላ ግራና ደረስኩ። ዘይነባ ጠብቃኝ ነበር። ተያይዘን ወደ ኩሬው ወርደን መለኪያዎቹን አወጣናቸው። ሥራዋ ስላለቀ ክፉ መናገር አልፈለግሁም፤ ግን አላስችል አለኝና ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ ካገኘች መለኪያውን ወልውላ ቶሎ ወደ ውሃው እንድትመልሰው መከርኳት።

‹‹ከውሃ አውጥቼው አላውቅም›› አለችኝ። ‹‹ሰኞ ሰኞ ነው የምወለውለው። እጄን ሰድጄ፣ ውስጡ እንዳለ።››

አላመንኳትም። እሺ ብዬ መለኪያዎቹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ አለማመኔ ግን ገባት። ከዚያ ወደ መንደሩ ሄድን።

የውሃ አባቱ አባ ይመር ይባላሉ። የውሃ አባት ማለት ተራ የሚያወጣ፣ ቦይ የሚያስጠርግ፣ ውሃ የሰረቀን የሚቀጣ ሰው ነው። ጠለፋውን ያለ እሳቸው ቃል ማንም አይነካም። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲያዳምጡ ጭንቅላታቸውን ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብሉ ሽማግሌ ናቸው። ደጃቸው ካለው ዛፍ ስር ተቀምጠን ደህንነት ከተጠያየቅን በኋላ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ጣፋጩን ውሃ በሰማያዊ፣ ጨዋማውን በቀይ አድርጌ ኩሬውን አሳየኋቸው። ውሃው በስክሪኑ ላይ ሲንቀሳቀስ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው አዩት፤ አላህ ለሰው የሰጠው ጥበብ ማለቂያ የለውም ብለውም አመሰገኑ። እኔም ኮራሁ።

ከዚያ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉና ‹‹ይሄ የየትኛው ቀን ውሃ ነው ልጄ?›› አሉ።

የሁሉም ቀን እንደሆነ ነገርኳቸው።

‹‹ቀን ሁሉ አንድ ነው እንዴ? የጁምዓውን አሳዪኝ እስኪ።››

ለሞዴሉ ሐሙስም ሆነ ጁምዓ ልዩነት እንደሌለው በትዕግሥት ለማስረዳት ሞከርኩ። ትዕግሥቴ ረዥም አልነበረም። እሳቸው ጨርሰው ሰሙኝና ቃለ ጉባኤውን አጥፈው መለሱልኝ።

‹‹ዛሬ አልፈርምም። ነገ ኩሬው አጠገብ ዋይ። ማታ ላይ አሁንም ፈርሙ ካልሽኝ፣ ወላሂ እፈርማለሁ።››

ለምን እንደሆነ አሁኑኑ እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። ‹‹ብነግርሽ የሽማግሌ ወሬ ትዪዋለሽ›› አሉና ፈገግ አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ እንደዚያ ነበር የምለው።

ለአለቃዬ ደውዬ አንድ ቀን እንደምቆይ ስነግረው ተቆጣ። ሽማግሌው ካልፈረሙ ፊርማቸው ሳይኖር እንሄዳለን፣ የአንቺ ፊርማ ይበቃል አለኝ። እኔም በሽማግሌው ግትርነት ተናድጄ ነበርና ልክ ነህ አልኩት። ያን ምሽት ዘይነባ ቤት አደርኩ። ያስቀየምኳት ሴት የራሷን መኝታ ለቃልኝ እሷ ከልጆቿ ጋር ተኛች።

ጁምዓ ጠዋት ጎህ ሲቀድ ዘይነባ ቀሰቀሰችኝ። ኩሬው ጋ ስንደርስ ገና ፀሐይ አልወጣችም። በእጅ የሚያዝ ትንሽ የጨው መለኪያ ይዤአለሁ፤ ገመዱ ረዥም ስለሆነ እስከ ኩሬው ወለል ይደርሳል። ማስታወሻ ደብተሬን ግን ቤት ረስቼው ኖሯል። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ወረቀት ያ ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው። ገልብጬ በጀርባው መጻፍ ጀመርኩ።

የመጀመሪያውን ንባብ ወሰድኩ። ከላይ ግማሽ ክንድ ያህል ብቻ ጣፋጭ ነው። ከዚያ በታች እስከ ወለሉ ድረስ ጨው። ሞዴሌ ጨዉ ይህን ያህል ከፍ ይላል ብሎ አያውቅም፤ ሐሙስን ለብቻው ጠይቄው ስለማላውቅ ነው። ዓሳው የታለ ብዬ ዘይነባን ጠየቅኳት። በቁልቁለቱ ይዛኝ ወርዳ በኩሬው ዳር ካለ የሾላ ዛፍ ስር አሳየችኝ። እዚያ ከአለቱ ስንጥቅ ጣት የማታህል ጣፋጭ ውሃ ትንጠባጠባለች። ከእሷ ስር ዓሳዎቹ ተጨናንቀው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ፣ አፋቸውን ወደ ጠብታዋ አዙረው ቆመዋል። እጅግ ብዙ ነበሩ፤ ጀርባቸው ጥቁር ስለሆነ ሳላውቅ የሾላ ሥር መስለውኝ ነበር።

‹‹እስከ ሐሙስ እየተጨነቁ እንዲህ ነው የሚሰነብቱት›› አለች ዘይነባ። ‹‹ጁምዓን ይጠብቃሉ።››

ዓሳ ቀን ይቆጥራል እንዴ ልላት ነበር። 

ፀሐይ ወጥታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዘይነባ እጇን አነሳችና እንድሰማ ምልክት ሰጠችኝ። ከላይ በኩል ዝግ ያለ ድምፅ ይመጣል። መጀመሪያ ነፋስ መሰለኝ፤ ግን ቅጠሉ አይንቀሳቀስም። ከዚያ በደረቁ የወንዝ ጠጠር ላይ አረፋና የደረቀ ቅጠል ከፊቱ እየገፋ ውሃ መጣ። ጎርፍ አይደለም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። የማይቸኩልና ወንዙን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ንጹሕ ውሃ ነበር። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያረሰ፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየሞላ ወረደና ኩሬው ውስጥ ገባ።

‹‹ከየት ነው የመጣው?›› አልኩ። 

‹‹አባ ይመር ጠለፋውን ከፍተውት ነው። ጁምዓ ውሃ አይጠለፍም። ከሱብሂ እስከ መግሪብ፣ ከንጋት ሶላት እስከ ምሽት፣ ውሃው የራሱ ነው።››

ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። በወራት መረጃ ውስጥ በየሳምንቱ አንዴ የሚወርደው ጨው፣ የዘይነባ ስህተት ብዬ የሰረዝኩት ያ ሁሉ ቀን፣ ጁምዓ ነበር። ከጠለፋው በላይ ስለለካሁ አላየሁትም። ለመስክ ሥራ የምመጣው ሰኞና ማክሰኞ ስለሆነ አላጋጠመኝም። ወልድያ ተወልጄ፣ እዚሁ አጠገብ አድጌ፣ ማንንም አልጠየቅሁም።

ግን ለማዘን ጊዜ አልነበረኝም። መለኪያውን ደጋግሜ ወደ ታች መስደድ ጀመርኩ። ጣፋጩ ውሃ አንድ ክንድ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ክንድ ተኩል። መጀመሪያ የገባው ውሃ ከጨዉ በላይ ተንሸራቶ ነበር የሚያልፈው፤ ፍሰቱ ሲበረታ ግን ጨዉን ከላይ እየላጠ፣ እየበጠበጠ ይዞት መውረድ ጀመረ። ሁለቱ ውሃ የሚገናኙበት ቦታ ብርጭቆ ውስጥ ስኳር ሲሟሟ እንደሚታየው ይንቀጠቀጣል። ያ ንቅጥቅጥ መስመር እያየሁት ወደ ታች ወረደ። ሁለት ክንድ። ሦስት። ባህር ማዶ በትልቅ መርከብ ላይ ሆኜ፣ ውድ መሣሪያ ተሸክሜ ያየሁት ነገር ነው፤ እዚያ ግን የሚሞላውና የሚጎድለው ባህር ነበር። እዚህ ውሃውን የሚያወጣውና የሚያወርደው የሰዎች ፈሪሃ አምላክ ነው።

መስመሩ የሾላውን ሥር ሲያልፍ ዓሳዎቹ ተነሡ። መጀመሪያ አንዱ ወጣና በኩሬው መሀል ዞረ። ተመልሶ አልመጣም። ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አሥር ሆነው ወጡ፤ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ያ ጥቁር ክምር ተፈታና ኩሬው በሙሉ ተንቀሳቀሰ። በመጪው ውሃ ትይዩ ተሰለፉና ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ውሃው ጠጠሩ ላይ ሲሳሳ ጀርባቸው ከውሃ ወጥቶ በፀሐይ ያበራ ነበር። በጎናቸው እየተንፏቀቁ፣ እየተንሸራተቱ፣ ወደ ኋላ እየወደቁና እንደገና እየሞከሩ ሄዱ። በእግሬ አጠገብ ሲያልፉ ጭራቸው የረጨው ውሃ ፊቴ ላይ አረፈ። ከላይ ባለው ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ሊጥሉ እንደሚሄዱ ዘይነባ ነገረችኝ። ልጆቿ እንኳን ጁምዓ ዓሳ አይነኩም።

አለቀስኩ። ስለ ሪፖርቱ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን በማየቴ ነው። ‹‹አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል›› ይባላል። እኔ ደግሞ ተገላቢጦሹ ደረሰብኝ፤ ባህር አየሁ ብዬ ምንጭ ናቅሁ።

እንባዬን ጠርጌ ስጨርስ ለዘይነባ እውነቱን ነገርኳት። መለኪያውን አውጥታ የምትረሳ መስሎኝ ጁምዓዎቹን ሁሉ እንደሰረዝኩ፣ ስህተቱንም በእሷ እንዳሳበብኩ፣ በጽሑፍም እንዳሰፈርኩት።

‹‹ስሜ አለበት?›› አለች።

‹‹የለም። ‹ጠባቂዋ› ነው የሚለው።››

‹‹ጠባቂዋ እኔ አይደለሁ እንዴ?››

 ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት።  ተነሥታ ተከተዪኝ አለችኝና ከኩሬው በታች ወዳለው ማሳዋ ወሰደችኝ። ሽንኩርቱ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። አንዱ ጥግ ግን ባዶ ነው፤ አፈሩ ዐመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። አንድ የድርቅ ዓመት ራስጌዎቹ ጨንቋቸው የጁምዓውንም ውሃ ወሰዱት አለችኝ። ለስድስት ሳምንት ብቻ ነው። በአምስተኛው ሳምንት ዓሳው ተንሳፈፈ፤ በስድስተኛው ማሳው ነጣ። ሌላው ቀስ በቀስ አገገመ፤ ያ ጥግ ግን እስከ ዛሬ አላበቀለም። ከዚያ ወዲህ ሰማይ ቢደርቅም ጁምዓን የነካ የለም። ጎንበስ ብዬ አፈሩን በጣቴ ነካሁና ቀመስኩት። ጨው ነው። የእኔ ፊርማ ማሳውን ሁሉ እንደዚህ ጥግ ሊያደርገው ነበር፤ የእሷንም፣ የግርጌዎቹን ሁሉንም።

‹‹ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ›› አለች ዘይነባ በመጨረሻ፤ በከንፈሯ ጠርዝ ፈገግታዋን ሳይ ይቅር እንዳለችኝ ገባኝ። ‹‹አንቺማ ተምረሽም ጠምጥመሽም መጣሽ። የቀረሽ መጠየቅ ነው።››

ከጁምዓ ሶላት በኋላ አባ ይመር ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ኩሬው ወረዱ። እኔ እስከዚያ ድረስ ሳላቋርጥ እየለካሁ ነበር፤ የቃለ ጉባኤው ጀርባ በቁጥር ተሞልቷል። መለኪያው ያን ጊዜ ከላይ እስከ ወለሉ ድረስ ጣፋጭ ያነባል። አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ጁምዓን ሰርዤው እንደነበር ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሳቁ።

ይህን ሥርዓት ያወጡት አባቶች ስለ ጨውና ስለ ዓሳ አስበው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጭንቅላታቸውን አዘንብለው ትንሽ አሰቡ።

‹‹እኔ እንጃ ልጄ። እኛ የሰማነው እንዲህ ነው፦ ስድስት ቀን ውሃው እኛን ያገለግላል። የፍጥረቱም ሁሉ ሐቅ አለበት። በጁምዓ ሐቁን እንመልሳለን። ክርስቲያኖቹም አብረውን ይጠብቁታል፤ ማሳቸው ከማሳችን ጋር ነውና። ዓሳው በዚህ መዳኑን፣ ማሳው አለመንጣቱን ኋላ ነው ያየነው። ለአላህ ብለን የተውነው ለኛው ሆኖ ተገኘ።››

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉና ወረቀቱን ጠየቁኝ። ቃለ ጉባኤው የተበላሸ መሆኑን፣ በዚያኛው በኩል ፈርሙ እንደማልላቸው ነገርኳቸው። ገለበጡትና በጀርባው የጻፍኩትን አዩ። ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አነበብኩላቸው፦ ጎህ ሲቀድ ግማሽ ክንድ፣ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ክንድ፣ ከዚያ አንድ ተኩል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፤ ዓሳ ወጣ፤ ወለሉ ደረሰ። እያንዳንዱን መስመር ሳነብ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ።

‹‹እንግዲያው በዚህ በኩል እፈርማለሁ›› አሉ።

ለጣት አሻራ የያዝኩትን ቀለም አወጣሁላቸው። አውራ ጣታቸውን ነክረው ከመጨረሻው ቁጥር ስር አሳረፉ። ዘይነባም ጣቷን ዘረጋች። ‹‹ጠባቂዋም ትፈርም›› አለችና ከእሳቸው አሻራ አጠገብ አሳረፈችው።

ቅዳሜ ወልድያ ተመለስኩ። የሰረዝኳቸውን ቀኖች በሙሉ መልሼ ሞዴሉን እንደ አዲስ ሠራሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ውጤቱን ሳየው እንደገና ተገረምኩ። ቀጭን ውሃ በየቀኑ ቢለቀቅ፣ ሲጠቃለል ከጁምዓው የሚበልጥ ውሃ ቢሆን እንኳን፣ በጨዉ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል እንጂ አይነካውም። የወንዙ ውሃ በሙሉ በአንድ ቀን ሲለቀቅ ግን ኩሬውን ከወለሉ ያጥበዋል። ዓሳውም የሚነሣው በዚያ ኃይል ብቻ ነው። የእኔ ዓይነቱ ባለሙያ ይህን ለማግኘት ወራት ይፈጅበታል፤ እነሱ ያገኙት ሐቅ ሲመልሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ሪፖርቱን ሲጠይቀኝ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። መጀመሪያ ጮኸ። አዲስ ማሳ እናለማለን ብለን ያለውን ልናጠፋ ነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኛ ነን አልኩት። ቀጥሎ ሞዴሉን አሳየሁት። ብልህ ሰው ነው፤ ሁለት ጊዜ አየው። በመጨረሻ የጠየቀኝ ለበላዮቹ ‹‹ጁምዓ›› ብለን እንዴት እንጽፋለን የሚል ነበር። ‹‹በሳምንት አንድ ቀን›› ብለን እንለፈው አለ። አይሆንም አልኩ። በሳምንት አንድ ቀን ከተባለ አንድ ሹም መጥቶ ማክሰኞ ያደርገዋል፣ ሌላው በሁለት ሳምንት አንዴ ያደርገዋል፤ ጁምዓን ግን ማንም አያንቀሳቅሰውም። ስሙ ራሱ ጠባቂ ነው።

ጁምዓ ተብሎ ተጻፈ። ጠለፋው ሲሠራ የብረት በር ተደረገለት፤ አዲሱም ማሳ የሚጠጣው ስድስት ቀን ነው። የበሩ ቁልፍ አባ ይመር ዘንድ ነው። ያ ወረቀት በሪፖርቱ መጨረሻ ከሁለት የጣት አሻራ ጋር ተያይዟል፤ ‹‹በጠባቂዋ ስህተት›› የሚለውም መስመር ወጥቶ ‹‹በአጥኚዋ ስህተት›› የሚል ገባበት።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ዛሬም ቁጡ ነኝ፤ ባህር የሌለበት አገር የባህር ባለሙያም ነኝ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ወጣቶች ያማረ መስመር ይዘው ቢሮዬ ሲመጡ መስመሩን አላይላቸውም። የሰረዛችሁትን አምጡ እላቸዋለሁ። ብዙው በእርግጥም ስህተት ሆኖ ይገኛል። ግን እያንዳንዱን ቀን ሳይጠይቁ እንዳይጥሉት አደርጋቸዋለሁ። እናንተም ሕይወታችሁን ስትቀምሩ የሰው ስህተት ነው ብላችሁ የሰረዛችሁት ካለ፣ መልሳችሁ እዩት።

በጋ ሲገባ ጁምዓ ጠዋት ስልኬ ይጠራል። ዘይነባ ናት። ሰላምታ እንኳን አታስቀድምም፤ ‹‹ውሃው ወረደ›› ትለኛለች፣ ስልኩንም ወደ ወንዙ ታዞረዋለች። ቢሮዬ ውስጥ በሩን ዘግቼ እሰማለሁ። ያ የድሮ ባልደረባዬ አንድ ቀን እንዲህ እያለሁ ገባና እንደ ልማዱ ባህሩ እንዴት አደረ አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ አደረግሁለት፤ ውሃው ጠጠሩን እያለፈ ሲወርድ ረዥም ጊዜ ቆሞ ሰማ።